ኮምፒውተርዎን ፎርማት ከማስደረግዎ በፊት

ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ፣ አንድ ፕሮግራም አልከፈት ሲል ወይም ፍላሽ ላይ የነበረ ፋይል ድንገት ሲሰወር፣ በአገራችን የሚታዘዘው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ» ይባላል። ባለሙያው ገንዘቡን ተቀብሎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ይጭናል፣ ማሽኑም ለጥቂት ሳምንታት ይፈጥናል፤ ከዚያ በኋላ ያው ፍላሽ ይሰካል፣ እነዚያው ፕሮግራሞች ይጫናሉ፣ ነገሩም ወደነበረበት ይመለሳል። ፎርማት የግድ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩ አይካድም። ይሁን እንጂ ወደዚያ ከሚያደርሱን ችግሮች አብዛኞቹ ዊንዶውስ ራሱ በያዛቸው መሣሪያዎች፣ ሌላ ፕሮግራም ሳይጫንና ሳይከፈልበት፣ እቤት ተቀምጦ ሊፈቱ የሚችሉ ናቸው።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት የማስተካከያ ስሞች የዊንዶውስ 11 ናቸው። በዊንዶውስ 10 ላይም የቦታ ልዩነት ቢኖራቸውም አብዛኞቹ ይገኛሉ፤ ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ያበቃ በመሆኑ፣ ማሽኑ የሚችል ከሆነ ወደ 11 ማሳደጉ ይመረጣል።

ጠፋ ያሉት ኮምፒውተር ሙሉ በሙሉ አልጠፋም

በመጀመሪያ አንድ ነገር ይፈትሹ። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ በሚለው ገጽ ላይ ሲፒዩን ይምረጡና ከግራፉ በታች «አፕ ታይም» ከሚለው ጽሑፍ ሥር ያለውን ቁጥር ያንብቡ። ማታ ማታ ኮምፒውተርዎን የሚያጠፉ ሰው ሆነው ሳለ ቁጥሩ ማሽኑ ለአሥር ወይም ለሃያ ቀናት ያለ ዕረፍት እንደሠራ ሊነግርዎ ይችላል። ይህ ስሕተት አይደለም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ፋስት ስታርት አፕ» የሚባል አሠራር አለ፤ «ሻት ዳውን» ሲሉት የከፈቷቸውን ፕሮግራሞች ይዘጋል እንጂ የሥርዓቱን እምብርት ከነድራይቨሮቹ (እንደ ማተሚያና ድምፅ ያሉትን ክፍሎች ከዊንዶውስ ጋር ከሚያግባቡት ፕሮግራሞች ጋር) እንዳለ ሃርድ ዲስኩ ላይ ያስቀምጥና በማግሥቱ ካቆመበት ያነሣዋል። አነሣሡ የሚፈጥነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ትናንት የተበላሸ ድራይቨር ዛሬም ተበላሽቶ የሚያድረውም እንዲሁ በዚህ ምክንያት ነው።

«ሪስታርት» ግን ሁሉንም ነገር አራግፎ ከባዶ ይጀምራል። ስለዚህ ማተሚያው አልታይ ሲል፣ ድምፅ ሲጠፋ ወይም ዋይፋዩ አልገናኝ ሲል አጥፍቶ ማብራት ብቻውን አይበቃም፤ ሪስታርት ያድርጉ። በሳምንት አንድ ጊዜ ሪስታርት ማድረግን ልማድ ማድረግ ጥሩ ነው። አሠራሩን ጨርሶ ለማቆም የሚፈልግ ሰው ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስን ከፍቶ፣ የማብሪያ ቁልፎች ምን እንደሚሠሩ የሚወሰንበት ገጽ ላይ «ፋስት ስታርት አፕ» ከሚለው ፊት ያለውን ምልክት ማንሣት ይችላል፤ ምልክቱ ደብዝዞ አልነካ ካለ፣ ከላይ አሁን የማይገኙ ማስተካከያዎችን ለመቀየር የሚያስችለውን ሰማያዊ ጽሑፍ በመጀመሪያ መጫን ያስፈልጋል።

በዚሁ አጋጣሚ ሁለት ነገሮችን ልጨምር። የግርጌው ታስክ ባር ደርቆ አልንቀሳቀስ ካለ፣ ታስክ ማናጀር ውስጥ «ዊንዶውስ ኤክስፕሎረር» የሚለውን ፈልገው በማውስ ቀኝ ቁልፍ ሪስታርት ያድርጉት፤ የከፈቷቸው ሰነዶች ሳይነኩ ታስክ ባሩ ጠፍቶ ይመለሳል። ስክሪኑ ድንገት ከጠቆረ ደግሞ የዊንዶውስን ቁልፍ፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና የቢ ፊደልን በአንድነት ይጫኑ፤ ይህ የግራፊክስ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሣዋል። የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኖ በግድ ማጥፋት የመጨረሻው አማራጭ እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም።

ስለ መንቀራፈፍ

ማሽኑ ሲበራ አብረውት የሚነሡ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ባለቤቱ ያልጠራቸው ናቸው። ታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርት አፕ አፕስ» የሚለው ገጽ ይዘረዝራቸዋል፤ እያንዳንዱም አነሣሡን ምን ያህል እንደሚያከብድ ከጎኑ ተጽፏል። ቴሌግራም፣ የቪዲዮ ስብሰባ ፕሮግራም፣ የማተሚያው ረዳትና የመሳሰሉት «ዲሴብል» ቢደረጉ ከኮምፒውተሩ አይሰረዙም፤ በፈለጉ ጊዜ ራስዎ ይከፍቷቸዋል። የድምፅ ድራይቨሩን፣ የዊንዶውስ ሴኩሪቲን ምልክትና አማርኛ የሚጽፉበትን ኪቦርድ ግን አይንኩ።

ከዚያም «ፕሮሰስስ» በሚለው ገጽ ላይ «ዲስክ» የሚለውን ርዕስ ይጫኑና ሥራ ሳይሠሩ ቁጥሩ 100 በመቶ ላይ ቆሞ መሆኑን ይመልከቱ። ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ ከዚያ የማይወርድ ከሆነና ማሽኑ የቆየ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ከሆነ፣ እውነቱን ለመናገር ፎርማትም ሆነ ሌላ ማስተካከያ ብዙ አይረዳውም። ለተደጋጋሚ ፎርማት የሚወጣው ገንዘብ ተጠራቅሞ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ቢገዛበት በብዙ እጥፍ ይሻላል። በአንጻሩ «ኮምፒውተርዎን እናጸዳለን፣ እናፈጥናለን» የሚሉትን ነጻ ፕሮግራሞች አልመክርም፤ ራሳቸው ከማሽኑ ጋር የሚነሡ ተጨማሪ ሸክሞች ናቸው፣ ሬጂስትሪውን (ዊንዶውስ ማስተካከያዎቹን የሚመዘግብበትን ቋት) ሲጎረጉሩም አንዳንድ ጊዜ የማይጠገን ጉዳት ያደርሳሉ።

ዊንዶውስ የተጫነበት ሲ ድራይቭ ሲሞላም ማሽኑ ይደክማል። ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ ስቶሬጅ በሚለው መንገድ ገብተው «ቴምፖራሪ ፋይልስ» የሚለውን ሲከፍቱ ሊሰረዙ የሚችሉት ነገሮች ከነመጠናቸው ይቀርቡልዎታል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በዝርዝሩ ውስጥ «ዳውንሎድስ» የሚል መስመር ይገኛል፣ እሱን ምልክት አድርጎ ማጽዳት ከኢንተርኔት ያወረዷቸውን ሰነዶች በሙሉ ያጠፋል።

መብራትና ዳታ

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር እንደ ላፕቶፕ ባትሪ ስለሌለው መብራት በሄደ ቁጥር ጉዳቱ በቀጥታ ሃርድ ዲስኩ ላይና ባልተቀመጠው ሥራ ላይ ያርፋል። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ ያለው መሣሪያ) ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የማይጠቀምበት አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ዩፒኤሶች ከኋላቸው የዩኤስቢ መሰኪያ አላቸው። መሰኪያው ከኮምፒውተሩ ጋር ሲገናኝ፣ ዊንዶውስ ዩፒኤሱን ካወቀው፣ ልክ እንደ ላፕቶፕ የባትሪ ምልክት ይታያል፤ ያን ጊዜ በፓወር ኦፕሽንስ የላቁ ማስተካከያዎች ውስጥ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ማሽኑ ራሱን «ሃይበርኔት» እንዲያደርግ ማዘዝ ይቻላል። ሃይበርኔት የተከፈተውን ሁሉ ዲስኩ ላይ ጽፎ ይጠፋል፤ መብራት ሲመጣ ሥራዎን ካቆሙበት ያገኙታል። «ስሊፕ» ግን ሥራውን ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋው ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ (ራም) ላይ ስለሚያቆየው መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለዴስክቶፕ አያስተማምንም።

ዩፒኤስ የሌለው ሰው ቢያንስ ዎርድን ያስተካክል። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ በሚለው መንገድ ሲገቡ ዎርድ ሥራዎን ለማገገሚያ በየ10 ደቂቃው እንደሚያስቀምጥ ይታያል፤ ይህን ወደ 1 ወይም 2 ደቂቃ ዝቅ ያድርጉት። ይህ ግን ኮንትሮልና ኤስን በየጊዜው የመጫንን ልማድ አይተካም።

ዳታን በተመለከተ፣ ከስልክ በሆትስፖት ኢንተርኔት የሚጠቀም ሰው የገዛው ጥቅል በአንድ ሰዓት ውስጥ አልቆ ሲያገኘው ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ዊንዶውስ ያወረደው ማሻሻያ ነው። አንዳንድ ባለሙያዎች ለዚህ መፍትሔ ብለው ማሻሻያውን ከሥሩ ቆርጠው ይሰጣሉ፤ ይህ ማሽኑን ለጥቃት አጋልጦ መተው ነው። ትክክለኛው መንገድ ግንኙነቱ የሚከፈልበት መሆኑን ለዊንዶውስ መንገር ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔትን፣ ከዚያ ዋይፋይን ከፍተው፣ በተገናኙበት መስመር ባሕርያት ገጽ ላይ «ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ያብሩት። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ማሻሻያ ያለ ፈቃድዎ አይወርድም፣ ፋይሎችን በኢንተርኔት የሚያስቀምጠው የማይክሮሶፍት አገልግሎት ዋንድራይቭም ፋይል መላላኩን ያቆማል። ይህ ምርጫ ለእያንዳንዱ መስመር ለየብቻ የሚሠራ ስለሆነ፣ የስልክዎን ሆትስፖት ብቻ ምልክት አድርገው የመሥሪያ ቤቱን ዋይፋይ መተው ይችላሉ፤ ማሻሻያውም በዚያ በኩል ይወርዳል። በዊንዶውስ አፕዴት የላቁ ማስተካከያዎች ውስጥ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚባለውንም ያጥፉት፤ ይህ አሠራር የወረደን ማሻሻያ ከሌሎች ኮምፒውተሮች ጋር የሚያጋራ ሲሆን፣ እንደ አቀማመጡ የእርስዎን ዳታ ለማያውቁት ሰው ሊያውለው ይችላል።

ፍላሽ ላይ የጠፉት ፎልደሮች

ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ የተመለሰ ፍላሽ ሲከፈት ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚያመለክት አቋራጭ ምልክት) ሆነው መገኘታቸው ያላጋጠመው ሰው ጥቂት ነው። ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ቫይረሱ እውነተኞቹን ደብቆ በቦታቸው ራሱን የሚያስነሡ ሾርትከቶችን አስቀምጧል። ስለዚህ ሾርትከቶቹን አይክፈቱ፣ ፍላሹንም ፎርማት አያድርጉ። ማንኛውንም ፎልደር ይክፈቱና ከላይ ቪው፣ ሾው፣ ከዚያም «ሂድን አይተምስ» የሚለውን ይምረጡ። ብዙዎች እዚህ ደርሰው ምንም ሳያገኙ ተስፋ ይቆርጣሉ፤ ምክንያቱም ቫይረሱ ፎልደሮቹን የሥርዓቱ ፋይሎች አስመስሎ የሚደብቃቸው በመሆኑ አንድ እርምጃ ይቀራል። በፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ ቪው በሚለው ገጽ፣ የተጠበቁ የሥርዓት ፋይሎችን ለመደበቅ የተቀመጠውን ምልክት ያንሡ፤ ዊንዶውስ ማስጠንቀቂያ ያሳያል፣ ይስማሙ። ደብዘዝ ብለው የሚታዩት ፎልደሮች የእርስዎ ናቸው፤ አንዳንድ ጊዜ ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ ተጠቃልለው ይገኛሉ። ሰነዶችዎን ብቻ ወደ አዲስ ፎልደር ይገልብጡ፣ ከዚያም ምልክቱን ወደነበረበት ይመልሱ።

እዚያው ቪው፣ ሾው ውስጥ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ያብሩትና ሁልጊዜ እንደበራ ይተዉት። ያን ጊዜ ፎቶ ወይም ሰነድ የሚመስል ፋይል በስሙ መጨረሻ ላይ ኢኤክስኢ የሚሉ ፊደላት ይዞ ከተገኘ፣ ፕሮግራም እንጂ ሰነድ አለመሆኑን ከመክፈትዎ በፊት ያያሉ። ኮምፒውተሩ ራሱ መበከሉን ከጠረጠሩ ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ከፍተው ከፍተሻ ምርጫዎቹ መካከል «ኦፍላይን ስካን» የሚለውን ያስጀምሩ። ማሽኑ ሪስታርት ያደርግና ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት፣ ቫይረሱ ለመደበቅ ጊዜ ሳያገኝ፣ 15 ደቂቃ ያህል ይፈትሻል።

የግድ ከሆነ

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ችግሩ ካልተፈታ፣ ማሽኑን ይዘው ከመውጣትዎ በፊት ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ የሚለውን ይክፈቱ። በዊንዶውስ 11 ላይ «ፊክስ ፕሮብለምስ ዩዚንግ ዊንዶውስ አፕዴት» የሚል ምርጫ አለ፤ ዊንዶውስን አውርዶ እንደገና ሲጭን ፕሮግራሞችዎን፣ ሰነዶችዎንና ማስተካከያዎችዎን አይነካም። የሚያወርደው በጊጋባይት የሚቆጠር ስለሆነ የስልክ ጥቅል አይበቃውም ይሆናል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው «ሪሴት ዚስ ፒሲ» ሰነዶችን ለማቆየት ምርጫ ይሰጣል፤ የተጫኑ ፕሮግራሞችን ግን ያስወግዳል።

ሙሉ ፎርማት ከሆነ ደግሞ የሚረሱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የአማርኛ ፎንት ነው። ዩኒኮድ (የተለያዩ ቋንቋዎችን ፊደላት በአንድ ወጥ አሠራር የሚያስቀምጥ ሥርዓት) ከመለመዱ በፊት በነበሩት የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፉ ደብዳቤዎችና ቃለ ጉባኤዎች የሚነበቡት ያ ልዩ ፎንት ማሽኑ ላይ ሲኖር ብቻ ነው። ፎርማቱ ፎንቱን ጠራርጎ ይወስደዋል፤ ሰነዱ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ይደረደራል፣ ሰውም ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ይሰርዘዋል። አንድ ወዳጄ የዓመታት ቃለ ጉባኤ በዚህ ምክንያት ሊያስወግድ ሲል ነው የደረስኩት። ስለዚህ ከሲ ድራይቭ ላይ ዊንዶውስ ከሚለው ፎልደር ውስጥ «ፎንትስ» የሚለውን ከፍተው የግዕዝ ፎንቶችዎን አስቀድመው ወደ ፍላሽ ይገልብጡ። አዲስ ለሚጽፉት ግን በሴቲንግስ ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ ውስጥ አማርኛን ቢጨምሩ፣ የዊንዶውስን ቁልፍና ስፔስ ባርን በመጫን ቋንቋ እየቀያየሩ በዩኒኮድ መጻፍ ይችላሉ፤ እንዲህ የተጻፈ ሰነድ በየትኛውም ዘመናዊ ማሽን ላይ ይነበባል።

ሁለተኛው ዴስክቶፑ ራሱ ነው። ባለሙያው «ዲ ድራይቭ አይነካም» ሲል እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ዴስክቶፕ ላይ የተደረደሩት ፋይሎች፣ ዶክዩመንትስና ዳውንሎድስም ጭምር፣ የሚቀመጡት ሲ ላይ ነው። ዛሬውኑ ዲ ላይ ዴስክቶፕ የሚባል አዲስ ፎልደር ይፍጠሩ፤ ከዚያም በፋይል ኤክስፕሎረር በግራ በኩል ባለው ዝርዝር ዴስክቶፕ የሚለውን በቀኝ ቁልፍ ተጭነው ፕሮፐርቲስን፣ ከዚያ ሎኬሽንን፣ ከዚያ «ሙቭ» የሚለውን ይምረጡና አዲሱን ፎልደር ያሳዩት። ዲ ላይ በቀጥታ ሳይሆን ለዚሁ በተፈጠረው ፎልደር ውስጥ መሆኑን ያረጋግጡ፤ አለበለዚያ ድራይቩ በሙሉ ዴስክቶፕ ሆኖ መመለሻው ያስቸግራል። ዶክዩመንትስንም በራሱ ፎልደር እንዲሁ ያድርጉ።