ሎሚና እምነበረድ፦ የኪችን ድንጋይ የሚያበላሹ ስህተቶች

ሐዋሳ ዓሣ ያለ ሎሚ አይበላም። ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የመጣው ቆሮሶ ታጥቦ ሎሚ የሚጨመቅበት ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ የኪችኑ እምነበረድ ነው። የእናቴ ቤትም የተበላሸው እንዲሁ ነው። ማታ የተንጠባጠበው ሎሚ ጠዋት ነጣ ያሉ ድብዝዝ ክቦች ሆኖ ጠበቀን። እድፍ መስሎኝ በአቼቶ አሸሁት፤ ይባስ ብሎ ሰፋ።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው፤ የተበላን ድንጋይ ቆሸሸ ብሎ መፈተግ። እምነበረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲድ ሲነካው ይሟሟል። ሎሚ፣ አቼቶ፣ ቲማቲም፣ ወይን፣ ለስላሳ መጠጥ ሁሉም አሲድ አላቸው። እድፍ ወደ ውስጥ የሰረገ ነገር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከድንጋዩ ጠቆር ይላል። በአሲድ የተበላው ግን ወዙን ያጣል፣ በጣት ሲዳስሱት ሻከር ይላል። እድፍ ይወጣል። በተበላው ቦታ ላይ ግን የሚወጣ ነገር የለም፤ የጎደለው የድንጋዩ ገጽ ራሱ ነው። የሚመለሰው ባለሙያ እንደገና ሞርዶ ፖሊሽ ሲያደርገው ነው። ስለዚህ ሎሚው መክተፊያ ላይ ይቆረጥ፣ ሳህን ውስጥ ይጨመቅ፤ ከፈሰሰም ወዲያው በውሃ ይታጠብ። ሲለር የሚባለው ፈሳሽ ዘይትና ቀለም ቶሎ እንዳይሰርግ ያግዛል፣ ከሎሚ ግን አያድንም። ሲለር ተቀብቷል ብለው የተዘናጉ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ሁለተኛው በጤናም የሚመጣ ነው። ይበልጥ ይጠራል በሚል በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር የሚቀላቅሉ አሉ። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ በጠባብ ኪችን ውስጥ ሳንባ ይጎዳል። ለዕለት ጽዳት ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት የዕቃ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። ሽቦ መፈተጊያና አሸዋማ ዱቄት አያስጠጉት።

የወጥ ዘይት ከሰረገ ቤኪንግ ሶዳን በውሃ እንደ ሊጥ አቡክቶ ወፈር አድርጎ መለጠፍ፣ በፌስታል ሸፍኖ 24 ሰዓት መተው፣ ከዚያ ማንሳት። አንዴ ካልበቃው ይደገም። ለእርድ እድፍ፣ ድንጋዩ ነጭ ከሆነ፣ በውሃው ፈንታ ከፋርማሲ የሚገዛውን 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ መጠቀም ይቻላል። ጥቁር እምነበረድ ላይ ግን ቀለሙን ሊያነጣው ስለሚችል አይሞከር።

ከእሳት የወረደ ብረት ድስት በቀጥታ አይቀመጥበት፤ ድንገተኛ ሙቀት ሊሰነጥቀው ይችላል።

ሌላው ስህተት ድንጋይ ሁሉ አንድ ነው ማለት ነው። ግራናይት በውስጡ ኳርትዝና ፌልድስፓር የሚባሉ ጠንካራ ማዕድናት ስላሉት ሎሚ አይበላውም፣ በቀላሉም አይጫርም። የሳሙና ድንጋይ የሚባለው ደግሞ ሲዳስሱት እውነትም ሳሙና ይመስላል። በውስጡ ያለው ታልክ የሚባል ማዕድን፣ ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የማዕድን ጥንካሬ መለኪያ፣ ከሁሉ ለስላሳው 1 ላይ ሲሆን፣ እምነበረድ የተሠራበት ካልሳይት 3 ነው። እምነበረድን የፈሩ ሰዎች ለስላሳነቱን አይተው የሳሙና ድንጋይን አብልጠው ይፈሩታል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አሲድ አይነካውም፣ ትኩስ ድስት ይችላል፣ ፈሳሽም አያሰርግም። ድካሙ መጫር ብቻ ነው፣ ጭረቱንም በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ራስዎ ያጠፉታል። እንዲጠቁርና ወዝ እንዲኖረው ዘይት ይቀባል። እዚህ ላይ የምግብ ዘይት መቀባት ስህተት ነው፤ ይሻግታል፣ ይጣበቃል። የሚቀባው ከፋርማሲ የሚገኘው የፓራፊን ዘይት ነው።

አዲስ ሊያስገጥሙ ከሆነ በቀለም ብቻ አይምረጡ። ከሚገጠመው ድንጋይ ቁራጭ ይጠይቁ፣ ሎሚ ጠብ አድርገውበት ያሳድሩት፣ ጠዋት ታጥቦ ሲደርቅ ወደ መስኮት ብርሃን ዘንበል አድርገው ይዩት። ቦታው ከደበዘዘ እጅዎ ላይ ያለው እምነበረድ ወይም እንደ እሱ አሲድ የሚበላው ድንጋይ ነው፤ ሻጩ ግራናይት ብሎዎት ከነበረ ክፍያውን ሳይጨርሱ ይመለሱ።