ኮዱ ጎ፣ ሐሳቡ ፓይተን፦ ለሥራ አዲስ ቋንቋ ስትማሩ የሚገጥም ችግርና መፍትሄው

ለዓመታት ፓይተን ስጽፍ ቆይቼ አንድ ሰኞ «ከአሁን በኋላ ይሄ ሰርቪስ በጎ (Go) ቋንቋ ነው የሚጻፈው» ተባልኩ። ጎ እንደ ፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ነው፣ ግን ትንሽ ነው፤ ቁልፍ ቃላቱ 25 ብቻ ናቸው። በሳምንት እጨርሰዋለሁ ብዬ ነበር። ቃላቱ እውነትም በሳምንት ገቡኝ። ያስቸገረኝ ፓይተን ነው፤ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ከዚህ በታች ካሉት ምልክቶች አብዛኞቹ ከዚያው የመጡ ናቸው። እናንተ ከጃቫ ወደ ረስት ብትሄዱም በሽታው ያው ነው።

አንድ መስመር ሳይጻፍ ቀኑ አለቀ

መንስኤው ቋንቋው አይደለም። ኮምፒውተራችሁ ላይ የተጫነው ቨርዥንና ፕሮጀክቱ የሚፈልገው አይገጥሙም፣ ወይም ተርሚናሉ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚገባው የሚተረጉመው ፕሮግራም) የት እንዳለ አያውቅም። ቨርዥኑን አመሳክሩ፤ ጎ ላይ «ጎ ሞድ» የሚባለው ፋይል ውስጥ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ካልሆነ ፕሮጀክቱን የሚያውቅ ባልደረባ ጥሩና አብራችሁ ጫኑት። እዚህ ላይ ጀግንነት ትርፍ የለውም።

ኤረሩ ረጅም ነው፣ የቱ መስመር እንደሚነበብ አይታወቅም

ፓይተን ፕሮግራሙ ሲወድቅ ዋናውን ነገር መጨረሻው መስመር ላይ ይጽፋል። ጎ ፓኒክ ሲያደርግ (መቀጠል አቅቶት ሲወድቅ) ደግሞ መልእክቱን አስቀድሞ የፈንክሽኖቹን ዝርዝር ከሥር ያስከትላል። እኔ በልማድ እስከ ታች እየወረድኩ ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ መስመር ሳነብ ከረምኩ። ጃቫ ሌላ ጣጣ አለው፦ የመጀመሪያው መንስኤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው «ኮዝድ ባይ» ከሚሉት መስመሮች የመጨረሻው ላይ ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው። በመጀመሪያው ቀን አውቃችሁ አንድ ፕሮግራም አበላሹ። አምስት ነገር ካለው ሊስት አሥረኛውን ጠይቁትና መልሱን የት እንደሚጽፍ እዩ። ኮምፓይለሩ ስምንት ስህተት ቢደረድርባችሁም የመጀመሪያውን ብቻ አስተካክላችሁ እንደገና አስነሱት። የቀሩት ብዙ ጊዜ የእሱ ልጆች ናቸው።

ኤረር የለም፣ ውጤቱ ግን ልክ አይደለም

ይሄኛው ነው ክፉው። አምስት ቁጥሮች ነበሩኝ፦ 10፣ 20፣ 30፣ 40፣ 50። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቆርጬ ሌላ ስም ሰጠኋቸው። በአዲሱ ስም መጨረሻ ላይ 99 ጨመርኩ። ከዚያ የመጀመሪያውን ዝርዝር ሳወጣው 10፣ 20፣ 30፣ 99፣ 50 ሆኗል። 40 የለችም! ግማሽ ቀን ዳታቤዙን ስጠረጥር ዋልኩ።

ፓይተን ሊስት ስትቆርጡ አዲስ ሊስት ቀድቶ ይሰጣችኋል። ጎ ግን ስላይስ (የራሱ ዓይነት ሊስት) ስትቆርጡ ያንኑ ማስቀመጫ በሌላ መስኮት ነው የሚያሳያችሁ። መስኮቱ ሦስት ቁጥር ያሳያል፤ ከጀርባው ያለው ቦታ ግን አምስት ነው። «አፔንድ» (መጨረሻው ላይ ጨምር) ስለው ቦታ አለ ብሎ 40 ላይ ጻፈበት። ቦታው ሞልቶ ቢሆን ኖሮ አዲስ ማስቀመጫ ይዘረጋ ነበር፣ የመጀመሪያውም አይነካም ነበር። አንዴ ሠርቶ አንዴ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው፤ ቴስት ላይ የሚያልፈውም ለዚህ ነው።

ለጊዜው መፍትሄው ከመጨመር በፊት ቅጂ መውሰድ ነው። ከጎ 1.21 ጀምሮ «ስላይስስ» በሚባለው ፓኬጅ ውስጥ «ክሎን» የሚል ፈንክሽን አለላችሁ። ለዘለቄታው ግን አስመሳዮቹን መዝግቡ፤ ሁለቱም ቋንቋ ላይ አንድ ዓይነት ተጽፈው ሥራቸው የሚለያየውን ማለቴ ነው። ፓይተን ላይ 7 ለ2 ሲካፈል 3.5 ነው፤ ጎ ላይ ሁለቱም ኢንቲጀር ከሆኑ 3። ጃቫስክሪፕት 10፣ 9፣ 1ን ደርድር ስትሉት 1፣ 10፣ 9 ይላችኋል፤ ካልነገራችሁት በቀር ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ ነው የሚያወዳድረው። ጃቫ ላይ ሁለት ስትሪንግ በድርብ እኩል ምልክት ስታወዳድሩ ይዘታቸውን አያይም፤ አንድ ኦብጀክት መሆናቸውን ነው የሚያየው።

እኔ አሁን አዲስ ቋንቋ ስይዝ ከቱቶሪያሉ በፊት አራት ጥያቄ አነሳለሁ። ሊስት ሲሰጠው ይቀዳል ወይስ ያጋራል? ሲያካፍል ምን ይመልሳል? እኩል ማለት ምን ማለት ነው? ባዶ ነገርን እንዴት ይገልጻል? ሁሉንም በአሥር መስመር ኮድ መሞከር ይቻላል።

ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት መልስ አይሠራም

መልሱ አርጅቷል። ጎ በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣው 1.22 ላይ የፎር ሉፕ (ሥራ የሚደጋግም ትዕዛዝ) ቬሪያብልን ጠባይ ቀይሯል፤ ከዚያ በፊት ስለዚህ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ዛሬ ግራ ያጋባል። መልሱን ከመቅዳታችሁ በፊት ቀኑን እዩ። ከዚያ ኦፊሴላዊውን ማብራሪያ ክፈቱ።

ኮዱ ይሠራል፣ ሪቪው ላይ ግን አስተያየት ዘነበበት

የመጀመሪያው ፑል ሪኩዌስቴ (ኮዴ ከዋናው ጋር እንዲቀላቀል ያቀረብኩት ጥያቄ) ላይ አንድ ባልደረባዬ «ይሄ ጎ የለበሰ ፓይተን ነው» ብሎ ጻፈልኝ። ተናደድኩ። ልክ ግን ነበር። ፓይተን ላይ ኤክሴፕሽን (የስህተት ምልክት) ወርውሮ ላይ መያዝ የተለመደ ነው፤ ጎ ላይ ስህተት እንደ ማንኛውም ውጤት ከፈንክሽኑ ይመለሳል፣ እዚያው ይታያል። እኔ በፓኒክ የድሮውን ልማዴን ልቀጥል እየሞከርኩ ነበር።

እዚህ ላይ መጽሐፍ ብዙም አይረዳም፤ የቲሙ ኮድ ይረዳል። ቲሙ ያጸደቃቸውን ሦስት ፑል ሪኩዌስቶች ከነአስተያየታቸው አንብቡ። ኮድ አሰላለፉን «ጎ ፎርማት» ስለሚያስተካክል በሱ አትጨቃጨቁ።

ሳየው ይገባኛል፣ ባዶ ፋይል ፊት ግን እደርቃለሁ

ማወቅና ሲያዩ መለየት ይለያያሉ። ቪዲዮውን ዝጉና ያያችሁትን ከትዝታ ጻፉት። ሲያቅታችሁ የቀረውን ቦታ ታገኙታላችሁ። የኤአይ ረዳት የጻፈላችሁም ኮድ እንደዚያው ነው፦ መስመር በመስመር ማስረዳት ካልቻላችሁ አታስገቡት። ሪቪው ላይ የሚጠየቀው እሱ አይደለም።

ወደ ፓይተን ስመለስ ነገር ተምታታብኝ

ይሄ በቅርቡ የጀመረኝ ነው። ባለፈው ፓይተን ፋይል ከፍቼ የፓይተኑን ሁለት ነጥብ (:) ትቼ የጎን ጥምዝ ቅንፍ ({) ስከፍት ራሴን ያዝኩ። መንስኤው ጎ ጭንቅላቴ ውስጥ መግባቱ ነው። ለዚህ መፍትሄ አልፈለግኩም፤ ኤዲተሩ በቀይ ያሰምርበታል።