በዌልስ የእንፋሎት ባቡሮችን በቡድን ስትጎበኙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሰል እየበላ ተራራ የሚወጣ ባቡር ለማየት ብሪታንያ ውስጥ ሰሜን ዌልስን የሚያህል ቦታ የለም ባይ ነኝ። ፌስቲኒዮግ፣ ዌልሽ ሃይላንድ፣ ታሊሊን፣ ስኖውዶን የተባሉት የባቡር መስመሮች ሁሉም በባሕሩና በተራራው መሀል ናቸው። ከበርሚንግሃም፣ ከማንቸስተር ወይም ከለንደን ለሚነሳ የማኅበር ወይም የወጣቶች ቡድን ቅዳሜና እሑድ በቂ ነው። ጉዞው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ገና ከቤት ሳይወጣ፣ ዕቅዱ ላይ ነው።

በሁለት ቀን ሁሉንም ለማየት መሞከር

ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ሌሎቹም አብዛኞቹ ከዚህ ይመጣሉ። ካርታ ላይ ሲታይ ሁሉም ቅርብ ለቅርብ ነው። ግን እነዚህ ባቡሮች ቢፈጥኑ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር አያልፉም፤ ዳገትና ጠመዝማዛ ላይማ ከዚያም ያንሳል። ከፖርትማዶግ ወደብ ብላይናይ ፌስቲኒዮግ ከተማ የሚወጣው የፌስቲኒዮግ መስመር 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መውጣቱ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ከካርናርቮን እስከ ፖርትማዶግ ያለው ዌልሽ ሃይላንድ ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ሲሆን መሄጃው ብቻ ሁለት ሰዓት ያልፋል። ጫፍ ደርሶ ሞተሩ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው እስኪዞርና ውሃ እስኪሞላ ያለውን ጊዜ ስትጨምሩበት፣ ደርሶ መልሱ ቀናችሁን ይጨርሰዋል።

በቀን አንድ መስመር ያዙ። ቅዳሜ ዌልሽ ሃይላንድ፣ እሑድ ፌስቲኒዮግ ቢሆን ሁለቱ ፖርትማዶግ ላይ አንድ ጣቢያ ስለሚጋሩ ማደሪያችሁን እዚያው አድርጋችሁ ሁለቱንም ቀን በእግር ወደ ባቡሩ ትሄዳላችሁ። ታሊሊንን መተው እንደሚያሳዝን አውቃለሁ። በ1951 (እ.ኤ.አ.) በጎ ፈቃደኞች ተረክበው ከመዘጋት ያዳኑት፣ በዓለም የመጀመሪያው መስመር ነው። ለዚህም ነው በችኮላ ሊያዩት የማይገባው፤ ሌላ ቅዳሜ ስጡት።

እንደ ተራ ባቡር መቁጠር

ከተማ ውስጥ የለመድነው ባቡር ቢያመልጠን ሌላ ይመጣል። እዚህ በቀን የሚነሱት ጥቂት ናቸው፤ ጭራሽ የማይነሱባቸው ቀናትም አሉ። በፈረንጆቹ ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ አብዛኞቹ መስመሮች ይዘጋሉ ወይም በተመረጡ ቀናት ብቻ ይሠራሉ። የጉዞ ሰዓት ሰሌዳው የሚወጣው በቀለም በተለየ የቀን መቁጠሪያ ስለሆነ የእናንተን ቀን ቀለም አይታችሁ የዚያን ቀለም ሰዓት አንብቡ። ካለፈው ዓመት በራሪ ወረቀት ላይ አትቅዱ፤ ሰሌዳው በየዓመቱ ይለወጣል።

በእንፋሎት የሚሄደው የትኛው ጉዞ እንደሆነም ቀድማችሁ ጠይቁ። አንዳንዱን ዙር የናፍጣ ሞተር ይጎትተዋል። ዝናብ በጠፋበት ሞቃት ሰሞን ከጭስ ማውጫው የሚወጣ ፍንጣሪ ሣሩን እንዳያቃጥል ተብሎ የእንፋሎቱ ሞተር በናፍጣ የሚተካበት ጊዜም አለ። ይህን ለቡድኑ ቀድሞ የነገረ አስተባባሪ ጣቢያ ላይ ወቀሳ አይጠብቀውም።

“10 ሰዓት እንገናኝ” ብሎ መጻፍ

ይህ የኛው የራሳችን ችግር ነው። በቡድኑ መልእክት ላይ “ባቡሩ 10 ሰዓት ይነሳል” ተብሎ ሲጻፍ እዚህ ያደገው ልጅ ጠዋት ይላል፤ እትዬ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው ብለው ተረጋግተው ቡናቸውን ያፈላሉ። ትኬቱ ላይ እንዳለው “ጠዋት 10:00፣ በኛ 4 ሰዓት” ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ። መገናኛውንም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀደም አድርጉት።

ባቡሩ “ትንሽ ይጠብቀናል” ማለትም አይሠራም፤ ምክንያቱ የሠራተኛው ጭካኔ አይደለም። ሐዲዱ ነጠላ ነው። ወጪና ወራጅ ባቡሮች የሚተላለፉት እንደ ታን-አ-ቡልኽ ባሉ ጣቢያዎች ብቻ ሲሆን፣ ሾፌሩ ለቀጣዩ የሐዲድ ክፍል ፈቃድ የሚሆነውን የብረት ቁልፍ ሳይዝ አይንቀሳቀስም። ቁልፉ በአንድ ጊዜ በአንድ ባቡር እጅ ብቻ ስለሚሆን ሁለት ባቡር ፊት ለፊት አይጋጭም። ስለዚህ እናንተን አንድ ባቡር አሥር ደቂቃ ቢጠብቅ፣ ማዶ ያለው ባቡርም አሥር ደቂቃ ቆሞ ይጠብቃል፤ መዘግየቱም ቀኑን ሙሉ ይከተላል።

መቀመጫ ሳይዙ መሄድ

“የመጣው ይምጣ” ብሎ መነሳት ቡድን ይበትናል። ስም ቁጠሩ፣ ገንዘቡን ቀድማችሁ ሰብስቡ፣ አንድ ሰው ለሁሉም ይያዝ፤ ለቡድን ቅናሽ እንዳለም ያን ጊዜ ይጠይቅ። የፌስቲኒዮግ ሐዲድ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ የድሮው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ እንኳ 1 ሜትር ነበር። ፉርጎውም በዚያው ልክ ጠባብ ነውና ትልቅ ሻንጣና የሕፃን ጋሪ ማደሪያ ቤት ይቅር። አንዳንዶቹ አሮጌ ፉርጎዎች መተላለፊያም መጸዳጃም የላቸውም፤ ለአረጋውያንና ለልጆች ስትይዙ ይህን ጠይቁ። ከፖርትማዶግ ሲወጣ ሸለቆው የሚታየው በቀኝ በኩል ነው።

ማኽንሌት ላይ መበታተን

ወደ ፖርትማዶግ በተራው ባቡር የሚሄድ ቡድን ይህን ልብ ይበል። ከበርሚንግሃም የሚመጡት ብዙዎቹ ባቡሮች ማኽንሌት ሲደርሱ ለሁለት ይከፈላሉ፤ የፊቱና የኋላው ፉርጎ ወደተለያየ ከተማ ይሄዳል። አንዱ ወደ አበሪስትዊዝ፣ ሌላው በፖርትማዶግ በኩል ወደ ፑልሄሊ። ሰዎቻችሁ ባገኙት በር ከገቡ ግማሹ ቡድን ሌላ ከተማ ይደርሳል። ከመሳፈራችሁ በፊት የቱ ፉርጎ የት እንደሚሄድ ጠይቃችሁ ሁላችሁም በአንዱ ግቡ።

ነጭ ለብሶ መምጣት፣ ከመስኮት አንገት ማውጣት

ፎቶ ያምራል ብላችሁ ነጠላና ነጭ ቀሚስ አትልበሱ። ጥላሸቱ ደቃቅ ነው፤ ጥጥ ላይ ካረፈና በእጅ ከታሸ አይለቅም። ጠቆር ያለ ልብስ፣ በሞቃቱ ወራትም ቢሆን ዝናብ የሚችል ጃኬት ያዙ። አስም ያለበት ሰው ካለ ከሞተሩ ራቅ ያለው ፉርጎ ውስጥ ይቀመጥ፤ መድኃኒቱም በኪሱ ይሁን።

ከመስኮት አንገት ማውጣትን ግን ከሁሉም በላይ አስጠንቅቁ። መስመሩ ድንጋይ ፈልፍሎ የወጣ ነው፤ በፉርጎውና በገደሉ ግድግዳ መሀል ያለው ክፍተት አንዳንድ ቦታ ከእጅ ስፋት ብዙም አይበልጥም። ልጆች መስኮት ዳር ከተቀመጡ አጠገባቸው ትልቅ ሰው ይኑር።

ጾሙን መርሳት

የጉብኝቱ ወቅት ደምቆ የሚከፈተው በፈረንጆቹ ፋሲካ አካባቢ ነው። ያ ሰሞን ብዙ ዓመት ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ ቅዳሜና እሑድም ሥጋና ወተት አይበላም። የጣቢያው ሻይ ቤት ያለው ደግሞ በአብዛኛው ቅቤና አይብ የነካው ነው። ሽሮ ፍትፍት፣ ዳቦና ቆሎ ከቤት ይዛችሁ ውጡ።

ሞተሩን ሳያዩ፣ ታሪኩን ሳይሰሙ መመለስ

ይህ በጣም ይቆጨኛል። ብዙ ሰው ፉርጎው ውስጥ ገብቶ ስልኩን ያወጣና ከዚያው ይወርዳል። የፌስቲኒዮግ መለያ የሆነው ሞተር ግን ሌላ ቦታ የማታዩት ነው። ሁለት ባቡር ጀርባ ለጀርባ የተሰፋ ይመስላል፤ በሁለቱም ጫፍ ጭስ ማውጫ አለው፣ ሾፌሩና ከሰል የሚማግደው ሰው መሀል ላይ ከቦይለሩ ግራና ቀኝ ይቆማሉ። በ1879 የተሠራው ሜርዲን ኤምሪስ ዛሬም ይጎትታል። ዌልሽ ሃይላንድ ላይ የምታዩዋቸው ጋራት የሚባሉት ግዙፍ ሞተሮች ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ሲሠሩ ኖረው የመጡ ናቸው።

ቀደም ብላችሁ ጣቢያ ድረሱ። ቦይለሩ እስኪግል ሰዓታት ስለሚወስድ እሳቱ የሚለኮሰው ገና በማለዳ ነው። ሠራተኛው ዘይት እየቀባ፣ የእሳቱን በር እየከፈተ ሲዘጋ ታዩታላችሁ። እጁ ካልተያዘ ጠይቁት፤ ብዙዎቹ ያለ ደመወዝ ለፍቅር የሚሠሩ ናቸው፣ ሲጠየቁም ደስ ይላቸዋል።

ባቡር የማይወድ ሰውም በቡድኑ ይኖራልና አስተባባሪው መንገድ ላይ ታሪኩን ያውራ። የፌስቲኒዮግ መስመር በ1836 የተከፈተው ለቤት ክዳን የሚሆነውን ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ከተራራው ወደ ወደቡ ለማውረድ ነበር። ድንጋይ የጫኑት ጋሪዎች በራሳቸው ክብደት ቁልቁል ይንከባለላሉ፤ ፈረሶቹ በራሳቸው ጋሪ ተሳፍረው አብረው ይወርዱና ባዶዎቹን መልሰው ሽቅብ ይጎትታሉ። እንፋሎት የመጣው በ1863 ነው። በ1946 ተዘግቶ፣ በ1955 የመጀመሪያው ክፍል እንደገና ተከፈተ። የሐዲዱን ከፊል የኃይል ማመንጫ ግድብ ውሃ ስለዋጠው በጎ ፈቃደኞች አካፋና ዶማ ይዘው ዓመታት ለፍተው ዱአልት በሚባል ቦታ አዲስ መንገድ አወጡ፤ ሐዲዱ ዞሮ በራሱ ላይ የሚያልፈው እዚያ ነው። እስከ ብላይናይ የደረሰው በ1982 ነው። ይህን የሰማ ሰው ዱአልት ሲደርስ ስልኩን አስቀምጦ ወደ ውጭ ያያል።

እሑድ ማታን አለማሰብ

በእሑድ ተራው ባቡር ይሳሳል። መመለሻችሁን መጀመሪያ ያዙ፣ ከዚያ ወደኋላ እየቆጠራችሁ የትኛው የእንፋሎት ጉዞ እንደሚያደርሳችሁ ምረጡ። በመሀሉ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተውለት።