ከእናቶች አፍ ግጥም እንዴት ይለቀማል?

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ጠዋት ጠዋት ወጣቱ ታክሲ ተሰልፎ ወደ መገናኛ ሲሄድ ግቢው ለሕፃናትና ለአሮጊቶች ይቀራል። ከአሮጊቶቹ ብዙዎቹ የልጅ ልጅ ለማሳደግ ከመንዝ፣ ከወሎ፣ ከጎጃም የመጡ ናቸው። በአንድ ብሎክ ደረጃ ላይ የሦስት አገር ዜማ ትሰማላችሁ። የማስተርስ ጥናቴን ስጀምር ግን ይህን ልብ አላልኩትም። ግጥም ፍለጋ ሩቅ አገር ልሄድ የአውቶቡስ ዋጋ እያጠያየቅኩ ነበር። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ምስር የሚለቅሙ እናት ለራሳቸው ሲያንጎራጉሩ ሰማሁ። ጉዞው በዚያው ቀረ።

የሴቶችን ሕይወት በራሳቸው ግጥም ማጥናት ለሚፈልግ፣ ተማሪ ባይሆንም፣ እኔ እየተሳሳትኩ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ርዕሱን አጥብቡት

የኔ የመጀመሪያ ርዕስ «የሴቶች ሕይወት በቃል ግጥም» ይል ነበር። አማካሪዬ አንብበው «ይህን አንቺም የልጅ ልጅሽም አትጨርሱትም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እሹሩሩው አለ፣ የወፍጮ እንጉርጉሮው አለ፣ የሠርጉ አለ፣ ሙሾው አለ፣ አራስ ቤት የሚባለው አለ፣ ልጃገረዶች በእንቁጣጣሽ የሚሉት አለ። አንዱን ያዙ። እኔ የሥራ እንጉርጉሮን ያዝኩ። መምረጥ ካቃታችሁ አጠገባችሁ ያሉት እናት አዘውትረው የሚሉትን ምረጡ።

ትንሽ አንብቡ

ስድስት ኪሎ ግቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ገብታችሁ በሥነ ቃል ላይ የተሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎችን ፈልጉ። ወመዘክርም፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍቱ፣ ጎራ በሉ። ስታነቡ አንድ ነገር ታስተውላላችሁ። ግጥሙ አለ፤ ግጥሙን ያለችው ሴት ግን ብዙ ጊዜ የለችም። «ሕዝቡ እንዲህ ይላል» ተብሎ ታልፏል። የትኛው ሕዝብ? ስንት ልጅ የወለደችው? ባሏ የሞተባት ወይስ ጥላው የወጣችው?

በጽሑፍ የተረፈልን ስለ ጥቂት ሴቶች ነው። ገድለ ወለተ ጴጥሮስን ውሰዱ። ወለተ ጴጥሮስ የአፄ ሱስንዮስን ካቶሊክነት የተቃወሙ እናት ናቸው። ገድላቸው የተጻፈው በ1672 እ.ኤ.አ.፣ ካረፉ ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ጸሐፊው ግን ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ ነው። በራሳቸው ብዕር የጻፉ ከተባለ እነ ስንዱ ገብሩ አሉ። ስንዱ በ1957 እ.ኤ.አ. ምርጫ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። እህታቸው ደግሞ ፒያኖ ተጫዋቿ እማሆይ ጽጌ ማርያም ናቸው። ሁለቱም የከንቲባ ገብሩ ልጆች፣ ሁለቱም አውሮፓ የተማሩ። ደረጃዬ ላይ ምስር የሚለቅሙት እናት ግን ፊደል አልቆጠሩም። የሳቸው ነገር ያለው በቃላቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ወር አትፍጁ። እኔ ሦስት ወር ፈጅቼበት ነበር። በዚያ መሃል መቅዳት የነበረብኝ አንድ እናት ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ስለ ዕቃ

ስልክ ይበቃል። ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ ገዝቼ ነበር። እናቶቹ ነጠላቸው ላይ ስሰካው ቴሌቪዥን የቀረቡ መሰላቸውና እንደ ዜና አንባቢ ይናገሩ ጀመር። ለጓደኛዬ ሸጥኩት። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። የታጠፈ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት እንጂ ረከቦት ላይ አይሁን፤ ከድምፁ ይልቅ የስኒ ኳኳታ ነው የምትቀዱት። ሙቀጫም እንደዚያው። ማታውኑ ፋይሉን ቀንና ቦታ ጽፋችሁ ፍላሽ ላይ ገልብጡ፣ በቴሌግራምም ለራሳችሁ ላኩት።

መቅዳት ከመጀመራችሁ በፊት ማስፈቀድ እንዳለባችሁ መቼም አልነግራችሁም።

ቀኑንም እዩ። በ12፣ በ19፣ በ21 ብዙዎቹ ሥራ አይነኩም። ለጨዋታ ጥሩ ቀን ነው፤ ለሥራ እንጉርጉሮ ግን አይሆንም። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ቡናና ስኳር በቂ ነው። ብር አትስጡ። አንዴ ከሰጣችሁ በማግሥቱ የሚጠብቃችሁ ግጥም ሳይሆን ወረፋ ነው።

ወደ ሱሉልታና ወደ ሰንዳፋ ወጣ ካላችሁ ብዙዎቹ እናቶች የሚያንጎራጉሩት በኦሮምኛ ነው። አቴቴ የሚባለው የሴቶች ሥርዓት ዜማና ሲንቄ፣ ማለትም እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት በትር፣ ራሱን የቻለ ትልቅ ጥናት ነው። ቋንቋውን ካልቻላችሁ ከሚችል ሰው ጋር ሂዱ። እዚያው ቁጭ ብሎ እየተረጎመ እንዲያቋርጣቸው ግን አትፍቀዱ። መጀመሪያ ይበሉት፣ ትርጉሙ ይደርሳል።

ዋናው ችግር፦ አትጠይቁ

እዚህ ጋ ነው ብዙ የደከምኩት። መጀመሪያ ጊዜ መጠይቅ አዘጋጅቼ ሄድኩ። ሃያ ሁለት ጥያቄ። «እማማ፣ የወፍጮ ግጥም ያውቃሉ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ የተማራችሁት እናንተ!»

አለቀ። ቀጣዩ ቤትም ይኸው፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም ይኸው። ችግሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እናቶቹ ያንን ነገር «ግጥም» ብለው አይጠሩትም። ግጥም ማለት ለሳቸው መጽሐፍ ላይ ያለው፣ በሬዲዮ የሚነበበው ነው። የራሳቸውን ምን እንደሚሉት ስጠይቅ አንዷ «ምን ስም አለው፣ የሆድ ነዋ» አሉኝ። በጥናት ቋንቋ እነዚህን እናቶች «መረጃ አቀባይ» እንላቸዋለን። ቃሉን አልወደውም። ለፖሊስ ጥቆማ የሚሰጡ ያስመስላቸዋል።

ታዲያ እንዴት ይመጣል? ከሥራው ጋር ነው የሚመጣው። አንድ እናት «ድሮ እንል ነበር፣ አሁን ረሳሁት» እያሉ ሦስት ጊዜ መልሰውኛል። በአራተኛው ቀን ስሄድ ለልጅ ልጃቸው ወፍጮ ምን እንደሆነ ሊያሳዩት ይሞክራሉ። ምንጣፉ ላይ ተንበረከኩ። የፕላስቲክ ትሪ ፊታቸው አስቀመጡ። መጅ እንደያዘ ሰው ሁለት እጃቸውን ወደፊት ገፉ፣ ወደኋላ ሳቡ። ልጁ ሳቀ። አምስት ስድስት ጊዜ እንደገፉ ድምፃቸው ከታች መጣ፦

ድንጋይ እንኳን ያልቃል ሲፋተግ ከድንጋይ፣
ሥጋ ለባሽ ልጅሽ እንዴት ልሁን እማይ።

ከዚያ ቀና ብለው «አየሽ፣ ጉልበቴ ነው የሚያውቀው» አሉኝ። የተንበረከኩበትን ጉልበት ይበሉ ወይስ የለፉበትን ጉልበት፣ አልጠየቅኳቸውም። በሁለቱም ያስኬዳል።

ስለዚህ መጠይቃችሁን ቤት ተዉትና ሥራ ይዛችሁ ሂዱ። ምስር ልቀሙ፣ ሽንኩርት ላጡ፣ የሚሠራ ነገር ከሌለ ልጁን ተቀብላችሁ እዘሉ። ከሁሉ የምመክረው ጥጥ መፍተልን ነው። እንዝርት ድምፅ የለውም፣ እጅን ይይዛል፣ ሐሳብን ይለቃል። በነገራችን ላይ መፍተል አልችልም። ክሩ በተበጠሰብኝ ቁጥር ይስቁብኝ ነበር፤ ሳቁ ራሱ ጠቅሞኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ስለ ሙሾ። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ ጎረቤቴ አስለቃሽ እንደነበሩ ሰማሁና ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ አቦል ላይ ነን። «እስቲ ሙሾ ያውርዱልኝ፣ ልቅዳ» አልኳቸው። ስኒው እጃቸው ላይ ቆመ። አማተቡ። «ማን ሞተና? በሰላም ቤት?» ቡናው ከአቦል አላለፈም። ሰው ሳይሞት ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው። ይህን ሳላውቅ ያደግኩ አይደለሁም፤ ስልኩን ስይዝ ነው የረሳሁት። ለቅሶ ቤት ስልክ መደቀንማ የባሰ ነውር ነው። ሙሾ የምታጠኑ ከሆነ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ ሄዳችሁ አልቅሱ፣ አድምጡ። ከአርባው በኋላ «ያን ዕለት ምን ነበር የተባለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሙሾውን ማውረድ ሌላ፣ የተባለውን ማውራት ሌላ ነው። ብዙዎቹ በደስታ ይነግሯችኋል።

ወደ ጽሑፍ ስትገለብጡ

ለአንድ ሰዓት ቅጂ አንድ ሙሉ ቀን መድቡ። ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር መተግበሪያ ሞክሬአለሁ። ወሬ ሲሆን ደህና ነው፣ ዜማ ሲሆን ይዘባርቃል። ተዉት። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ይመታል» ላልቶ ሲነበብ መቺው ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ተመቺው። በሴቶች ግጥም ውስጥ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። እኔ በሚጠብቀው ፊደል ላይ በእርሳስ ነጥብ አደርጋለሁ። የአነጋገር ለዛቸውን አታስተካክሉ።

ተመልሳችሁ አንብቡላቸው

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔም ዘልዬው ጉድ ሆኛለሁ።

ርዕሴን ከማጥበቤ በፊት ሰንዳፋ አካባቢ አንድ ሠርግ ላይ ቀድቼ ነበር። ሃምሳዎቹን ያለፉ ሴት ከበሮ ይዘው እንዲህ አሉ፦

ከበሮ ሲመታ ትዝ ይለኛል ቤቴ፣

ሁለተኛው ስንኝ ላይ እልልታው ቀለጠ። ቅጂው ላይ ምንም አይሰማም። እኔም በዚችው በአንዷ ስንኝ ላይ አንድ ገጽ ተኩል ጻፍኩ። ስለ ናፍቆት፣ ስለ ትውልድ ቀዬ፣ ከገጠር ወደ ከተማ ዳር ስለሚደረግ ፍልሰት። ክፍል ውስጥ አቀረብኩት፣ ተጨበጨበልኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ቅጂውን ልሰጣቸው ሴትየዋ ቤት ሄድኩ። የጻፍኩትንም አነበብኩላቸው። ፈገግ ብለው ሲሰሙ ቆዩና ተነሥተው በሩን ዘጉ። «ሁለተኛውን የት ጣልሽው?» አሉኝ።

እሱስ ጮኸ እንጂ እኔማ በአንጀቴ።

ከበሮው ሲመታ ትዝ የሚላቸው የተመቱበት ቤት ነው። ከበሮ እንኳ ሲመታ ይጮኻል፤ እሳቸው አልጮኹም። እኔ ናፍቆት ያልኩት ዱላ ነበር። ያውም ሠርግ ላይ፣ ሙሽራ ፊት፣ ወንዱ ሁሉ ውጭ ድንኳን ውስጥ ሥጋ ሲበላ። በኋላ ደጋግሜ ሳዳምጠው ያ እልልታ በአጋጣሚ የመጣ አልመስልሽ አለኝ። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ምን ሊባል እንደሆነ ያውቁ ነበር። ሸፈኑላቸው።

ስለዚህ አንድም ስንኝ ሳታነቡላቸው አትተንትኑ። ስታነቡም ሰው በሌለበት ይሁን። «ትርጉሙ ምንድን ነው?» አትበሉ፤ ፈተና ይመስላል። «ይህን መቼ ነው የሚሉት? ማን ሲሰማ?» ብትሉ ወሬው ራሱ ይፈታዋል። የተጎደለ ስንኝ ካለ ያኔ ይሞላል። ንድፈ ሐሳቡን ከዚህ በኋላ አምጡት። ከዚህ በፊት ካመጣችሁት እንደኔ ጭብጨባ ብቻ ታተርፋላችሁ።

ስለ ስም

«ሕዝቡ ይላል» ማለትን ስቃወም ነበርና የሁሉንም ስም ልጽፍ ተነሣሁ። የከበሮዋ ሴት ግን «ልጆቼ ያነባሉ» አሉኝ። ዱላው የአባታቸው ነዋ። እሳቸውን ያለ ስም ጻፍኩ፣ የመንደሩንም ስም ሰረዝኩት። ከኛ ብሎክ ያሉ እናት ደግሞ በተቃራኒው ስማቸው ከነአባታቸው እንዲገባ አዘዙኝ፤ «የእገሌ እናት» ተብለው አርባ ዓመት እንደኖሩ ነግረውኛል። አንድ ሕግ የለም። እያንዳንዷን ጠይቁ፣ መልሷንም በድምፅ ያዙት። ሐሳባቸውን ሲቀይሩ ቀይሩላቸው።

በመጨረሻ አንድ ኮፒ ለነሱም አሳትሙ። ዩኒቨርሲቲው የሚጠይቀው ቁጥር ላይ ሁለት ሦስት ብትጨምሩ ብዙ አያስወጣም። የወፍጮዋን እናት ኮፒ ይዤ ስሄድ የልጅ ልጃቸው ጮክ ብሎ አነበበላቸው። የግጥሙ ጫፍ ላይ ሲደርስ አስቆሙት። እኔ ሆዬ፣ አታስተካክሉ የምለው ሰው፣ ስተይብ እጄ ለምዶ «እማዬ» ብዬዋለሁ።

«እማዬ ያለው ማን ነው? እኔ እማይ ነው ያልኩት። ደግሞስ ድንጋይ ከእማዬ ጋር ይገጥማል?»

እስክሪብቶ አወጣሁና የያዝኳቸውን ኮፒዎች በሙሉ እዚያው ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብዬ አረምኩ። ልጁ ገጹን እየፈለገ ያቀብለኝ ነበር።