መዳመጫ ስትመርጡ፦ ከሳምቡሳ እስከ ብስኩት

ደሴ ፒያሳ አንዱ የዕቃ ሱቅ ገብታችሁ "መዳመጫ አለ?" ብትሉ፣ ሻጩ ቀድሞ የሚያወርድላችሁ ባለ እጀታውን ነው። ግራና ቀኙ መያዣ አለው፤ መሃሉ ወፍራም ነው፤ ሲገፉት ይሽከረከራል። ያምራል። ማስታወቂያ ላይም የምናየው እሱን ነው። እኔ ግን "አንድ ብቻ ልግዛ፣ የቱ ይሁን?" ለሚለኝ ሰው እሱን አልመርጥም። እጀታ የሌለው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የሆነ፣ አንድ ወጥ እንጨት ግዙ እላለሁ። ሳምቡሳ የምታበዙ ከሆነ ከጎኑ አንድ ቀጭን ጨምሩ። ሌላው እንደ ፍላጎትና እንደ ኪስ ነው።

መጀመሪያ ግን ምን እንደምትጋግሩ አስቡ። ዳቦ ብቻ ከሆነ መዳመጫ ጨርሶ አያስፈልጋችሁም፤ ገንዘቡን ለጥሩ ዱቄት አውሉት። ድፎውም አምባሻውም በእጅ ነው የሚስተካከለው። መዳመጫ የሚፈልጉት ሳምቡሳ፣ ብስኩት፣ ፒዛ፣ ቻፓቲ፣ ቤት የሚሠራ ፓስታና ላዛኛ ናቸው። በእኔ ቤት ሥራው በበዓል ይከፈላል። ረመዳን ላይ ሳምቡሳ ነው። ገናና ፋሲካ ሲመጣ ለክርስቲያን ጎረቤቶቼ ብስኩት እጋግራለሁ፤ እነሱ ድፎ ይልኩልኛል።

ከሳምቡሳው እንጀምር፤ ወሎ ውስጥ ሆኖ ከሌላ መጀመር ነውር ነው። ሊጡ ፉርኖ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና ጥቂት ዘይት ነው። ጠንከር ተደርጎ ይታሻል፤ ተሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ያህል ያርፋል። ከዚያ ትንንሽ ድቡልቡል ይሆናል። እያንዳንዱ ትንሽ ከተዳመጠ በኋላ ዘይት ይቀባል፣ ዱቄት ይነሰነስበታል፣ ሌላው ይደረብበታል። ጀማሪ ሁለት ትደርባለች፤ እጇ የለመደ ሴት አራት አምስትም ትደርባለች። ተደራርቦ ይዳመጥና ምጣድ ላይ ለጥቂት ሰከንድ አረፍ ይላል። ትኩስ እያለ አንድ በአንድ ይላጣል። የተላጠው ወዲያው እርጥብ ጨርቅ ይለብሳል፤ አለበለዚያ ይደርቅና ሲጠቀለል ይሰበራል።

እዚህ ላይ ነው ቀጭን መዳመጫ የሚያስፈልገው። ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር፣ ርዝመቱ ከ30 እስከ 40 ቢሆን በቂ ነው። ህንዶች ቻፓቲ የሚዳምጡበት ቤላን ከዚህ ወገን ነው። ቀጭኑ ቀላል ስለሆነ ድርቡን አይጨፈልቀውም። ደግሞ አንዱን ጎን ትንሽ ጫን ስትሉት ቂጣው ራሱ ይዞራል፤ እያነሳችሁ ማዞር አይጠበቅባችሁም። ዳር ዳሩ ሲሳሳ በጣታችሁ ይሰማችኋል። ከባድ መዳመጫ ግን የላዩን ቂጣ ከታችኛው ቀድሞ ይገፋዋል። ዘይቱ ይወጣል፣ ንብርብሩ ይጣበቃል፣ ስትልጡት ይቀደዳል። ለማፍጠሪያ ሩብ ሰዓት ሲቀር እንዲህ ያለ ነገር ቤቱን ሁሉ ያናድዳል።

የመወልወያ እንጨት ቆርጠው የሚጠቀሙ አሉ። እንጨቱ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ከተቀባ አይሆንም፤ ተላጦ ከሊጡ ጋር ይገባል። ከቀጭኖቹ መካከል በጣም የሚረዝምም አለ። ቱርኮች ኦክላቫ ይሉታል። ባቅላባ የሚሠሩበትን ስስ ሊጥ እሱ ላይ እየጠቀለሉ ነው የሚያሰፉት። ለተራ ቤት ማስቀመጫም አይገኝለት።

አሁን ወደ ዋናው፣ አንድ ወጥ ወደሆነው ወፍራም እንጨት። ውፍረቱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር፣ ርዝመቱ ከ40 እስከ 45 ይሁን። ከመግዛታችሁ በፊት የምትዳምጡበትን ጠረጴዛ ወይም ገበታ ለኩ። ከገበታው የሚረዝም መዳመጫ ቤት ከገባ በኋላ ያበሳጫል። ይህን መዳመጫ የምወደው መዳፌ ራሱ እንጨቱ ላይ ስለሚያርፍ ነው። ሊጡ የት ጋ እንደወፈረ፣ የት ጋ እንደሳሳ እጄ ያውቃል። ባለ እጀታው ላይ ግን ጉልበታችሁ ጫፍና ጫፍ ላይ ነው፤ መሃሉን የሚነግራችሁ የለም።

ሌላም ጣጣ አለው። እጀታውና ገላው የሚገናኙበት ክፍተት ውስጥ ዱቄትና ሊጥ ይገባል። ሲታጠብ ደግሞ ውሃ ይገባና ቶሎ አይደርቅም። ኩሽኔታ ያለው ከሆነ መጀመሪያ ሰሞን ሲሽከረከር ደስ ይላል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መንቋረር ይጀምራል። ቢሆንም ዋጋ የለውም አልልም። እናቴ የእጅ አንጓዋን ያማታል። እሷ መያዣውን ጨብጣ ክብደቱን ለመዳመጫው ትተዋለች፤ ይቀላታል። እንደሷ የሚያማችሁ ከሆነ እጀታው ከገላው ላይ እንደማይላወስ አረጋግጣችሁ ያንኑ ግዙ። በዚህ ማንም አያፍርም።

መሃሉ ወፈር፣ ጫፎቹ ሾጠጥ ያሉትም አሉ። ፈረንሳይ ጋጋሪዎች ይወዷቸዋል። አንዱን ጫፍ ጠበቅ አድርጋችሁ ሌላውን ስትገፉ ሊጡ በክብ ይሰፋል። ለፒዛና ለፓይ ግሩም ናቸው። ብስኩት ላይ ግን እኔን አይመቹኝም። መሃሉ ሳስቶ ዳሩ ሲወፍር ኦቨን ውስጥ ግማሹ አሮ ግማሹ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

የእብነ በረድ መዳመጫ ነገር ቦታችሁ ይወስነዋል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ክረምት ላይ ቅቤ ያለው ሊጥ ጠረጴዛ ላይ ቢቆይም አይፈታም፤ እንዲያውም ለመዳመጥ ትንሽ እንዲለሰልስ እንጠብቃለን። እህቴ ግን ኮምቦልቻ ናት። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳ ብቻ የአየሩ ነገር ሌላ ነው። እሷ ጋ ከሰዓት በኋላ የቅቤ ብስኩት መዳመጥ ትግል ነው፤ ሊጡ እጅ ላይ ይቀልጣል። ባቲ የምትኖሩማ ታውቁታላችሁ።

ለእንዲህ ያለ ቦታ እብነ በረድ ያግዛል። ድንጋዩ ራሱ ቅዝቃዜ አያመነጭም፤ ክፍል ውስጥ ከዋለ ሙቀቱ የክፍሉ ሙቀት ነው። ግን የሊጡን ሙቀት ከእንጨት ይልቅ ቶሎ ይወስዳል። ፍሪጅ ውስጥ ቆይቶ ሲወጣ ደግሞ ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል፤ መብራት ካለ ማለቴ ነው። ጥፋቱ ክብደቱና ዋጋው ነው። ከወደቀ ወይ እሱ ይሰበራል ወይ የወለሉ ሴራሚክ። ሳምቡሳ ላይ አታስቡት። ለእህቴ ያልኳት "እብነ በረዱን ተይው፣ በጠዋት ዳምጪ" ነው። ሊጡን በሁለት ላስቲክ መሃል አድርጋ ትዳምጠዋለች፤ ከነላስቲኩ ፍሪጅ አስገብታ ስትፈልግ ትቆርጠዋለች።

የብረቱ ባዶ ቱቦ ከሆነ ቀላል ነው፤ ለመታጠብ ይመቻል፤ ሊጥ ግን ይይዛል። እንጨት ዱቄቱን ገላው ላይ ትንሽ ያስቀራል፤ ብረት ያንሸራትተዋል። ሲሊኮን የለበሰው እምብዛም አይጣበቅም፤ ቢላ ከነካው ግን አለቀለት። ትንሿ ፕላስቲክ ለፎንዳንት፣ ኬክ ለሚለብሰው የስኳር ሊጥ ናት፣ ለሌላ አትሆንም።

የሱቁ ካልተመቻችሁ ማሠራት ይቻላል። እንዲያውም እኔ ይሄን እመርጣለሁ። ቶርኖ፣ ማለት እንጨት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን ያለው እንጨት ቤት ፈልጉና ቁራጭ እንጨት ካላቸው ጠይቁ፤ ለመዳመጫ አዲስ ጣውላ ማስቆረጥ አያስፈልግም። ወይራ ከተገኘ የሚወዳደረው የለም። ከባድ ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ሲለሰልስ እንደ መስታወት ይሆናል። የወተት ዕቃ የምናጥንበት እንጨት ስለሆነ በጠረኑም የሚከፋ ያለ አይመስለኝም። ዋንዛ ቀለል ይላል፤ ለቀጭኑ መዳመጫ ጥሩ ነው፤ የእንጨቱ ጭረት ግን ሰፋ ስለሚል በደንብ መለስለስ አለበት። ዝግባም ሽታ ስለሌለው ይሆናል። ጥድ አይሁን፤ ሽታው ሊጡ ላይ ይቀራል። ባህር ዛፍ ደግሞ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ማንኛውም እንጨት ይሁን፣ በደንብ የደረቀ መሆኑን ጠይቁ። እርጥቡ ዛሬ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ከወር በኋላ ሙዝ ሊሆን ይችላል።

አናጢው ማለስለሱን ሲጨርስ "ቫርኒሽ ላልብሰው?" ማለቱ አይቀርም። ለእሱ ሥራው ያለ ቫርኒሽ አላለቀም። "ኧረ ተው ጋሼ፣ ሊጥ ነው የሚነካው" በሉት። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ብቻ ይጨርሰው።

ሱቅም ግዙ አሠሩም፣ ከመክፈላችሁ በፊት የሱቁ መስታወት ባንኮኒ ላይ አንከባሉት። ዝቅ ብላችሁ በስሩ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ እዩ። ካለፈ ጠማማ ነው። እየዘለለ ከተንከባለለም ክብ አይደለም። ሻጩ በአግራሞት ያያችኋል፤ ይየው። ከዚያ በጥፍራችሁ ጫፎቹን ዳስሱ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። አሽትቱትም። የቀለም ወይም የነዳጅ ሽታ ካለው መልሱት።

ውፍረቱን እኩል ማድረግ ያስቸገራችሁ ጫፎቹ ላይ የውፍረት መለኪያ ቀለበት ያለውን ውድ መዳመጫ አትፈልጉ። እኩል ውፍረት ያላቸው ሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች ከሊጡ ግራና ቀኝ አስቀምጡ፤ መዳመጫው እነሱ ላይ ይሂድ። ለብስኩት 5 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ሊጡ እየተሳበ የሚመለስባችሁ ከሆነ ግን መዳመጫውን አትውቀሱ። ሊጡ አላረፈም። ሸፍናችሁ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ተዉት።

ለጊዜው መግዛት ለማይችል ጠርሙስ አለ። ገላው ቀጥ ያለ፣ ወፍራም መስታወት፣ ወረቀቱ የተላጠ፣ አፉ ያልተሸረፈ ይሁን። የወይን ጠርሙስ ይመቻል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልታችሁ ብትከድኑት ደግሞ ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛል። የኮካ ጠርሙስ አይሆንም። ወገቡ ቀጭን ስለሆነ መሃል መሃሉን ወፍራም መስመር ይተዋል።

አያያዙ ቀላል ነው። እንጨት ውሃ ውስጥ አይዘፈዘፍም። ሊጡን በቢላ ጀርባ ፋቁ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ወዲያው አድርቁ። ፀሐይ ላይ አታስጡት። እንጨቱ ሲነጣና ሲሻክር ዘይት ይፈልጋል፤ የምግብ ዘይት ግን ይሻግታል፣ እጅ ላይም ይጣበቃል። ፋርማሲ የሚሸጠው ፈሳሽ ፓራፊን ይሻላል። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ሌሊቱን ይምጠጥ፣ ጠዋት የተረፈውን ጥረጉ። ንጹህ ሰም ካላችሁ ትንሽ ቀልጦ ቢቀላቀልበት ውሃ ይከለክላል። የተልባ ዘይትም ይሆናል፤ ለመድረቅ ግን ቀናት ይፈጃል። የቀባችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ አትጣሉት፤ ራሱን አሙቆ ሊነድ ስለሚችል ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

ጫፉ የተሰነጠቀ ወፍራም መዳመጫ ካላችሁ በማጣበቂያ አትድፈኑት። ሊጥ እዚያ ይገባና ይሻግታል። ወደ ቶርኖው መልሱት፤ የተሰነጠቀው ይቆረጥና ቀሪው ይቅጠን። ጥሩ እንጨት ከሆነ የሳምቡሳ መዳመጫ ይወጣዋል።