የውል ማብራሪያ ውስጥ «በአሠራር ላይ የሚኖረው ተፅዕኖ» የሚለው ክፍል እንዴት ይጻፋል?

አንድ የአካባቢ አስተዳደር ውል ሊፈርም ሲዘጋጅ፣ ሰነዱ ለምክር ቤት ወይም ለበላይ ኃላፊ የሚቀርበው ከአጭር ማብራሪያ ጋር ነው። ማብራሪያው የውሉን ዓላማ ይናገራል። ገንዘቡ ስንት እንደሆነና ከየትኛው በጀት እንደሚወጣ ይገልጻል። የሕግ ክፍሉም አስተያየት ይኖርበታል። ከዚያ «በአሠራር ላይ የሚኖረው ተፅዕኖ» የሚል ርዕስ ይመጣል። እዚህ ጋ ሲደረስ ብዙ ሰው ይቸኩላል። «ተፅዕኖ የለውም» ወይም «አገልግሎቱን ያቀላጥፋል» ተብሎ ይታለፋል።

እንዲህ መታለፍ የለበትም። የገንዘብ ጉድለት በሂሳብ መዝገብ ላይ ቶሎ ይታያል። የሰው እጥረት ግን የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው። ነዋሪው ሲደውል ስልክ የሚያነሳለት ያጣል። የክፍያ ጥያቄ በደንብ ሳይታይ ይፈረማል። የዋስትና ጊዜ ማንም ሳያስታውሰው ያልፋል። ጥሩ ውል ሆኖ ሳለ፣ የሚከታተለው ሰው ስላልተመደበ ብቻ ይበላሻል።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ተነሱ፦ ውሉ በተፈረመ ማግስት ማን ምን አዲስ ሥራ ይጨመርበታል? ማንስ የትኛውን ሥራ ይተዋል?

1. በውሉ ውስጥ የእናንተን ግዴታ ፈልጉ

የሕግ ባለሙያው ውሉን የሚያነበው ስጋቱን እያሰበ ነው። የፋይናንስ ባለሙያው የሚያየው ገንዘቡን ነው። እናንተ ደግሞ አስተዳደሩ «ያቀርባል»፣ «ያሳውቃል»፣ «ያጸድቃል»፣ «ያመቻቻል» የሚሉ ቃላትን እየፈለጋችሁ አንብቡ። እያንዳንዱ ከኋላው የሚሠራው ሰው አለ። ከሥሩ አስምሩና ከጎኑ የሥራ ክፍሉን ስም ጻፉ። ስም ያጣችሁለት ካለ ትልቁ ችግር እዚያ ነው።

የጊዜ ገደብ ያለባቸውን በተለይ ልብ በሉ። ለምሳሌ «አስተዳደሩ የቀረበለትን ንድፍ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ይመረምራል፤ መልስ ካልሰጠ ንድፉ እንደጸደቀ ይቆጠራል» የሚል አንቀጽ ሊኖር ይችላል። ሲነበብ ቀላል ነው። ነገር ግን ንድፍ የሚመረምረው መሐንዲስ አንድ ብቻ ከሆነና እሱም ዕረፍት ላይ ካለ፣ ማንም ያላየው ንድፍ ጸድቆ ቁፋሮ ይጀመራል። ይህ በማብራሪያው ውስጥ መጻፍ አለበት፤ ተተኪው ማን እንደሆነም ጭምር።

አባሪዎቹንም አትዝለሉ። የሪፖርት ጊዜ፣ የስብሰባ ብዛት፣ የሚሰጠው ቢሮ ወይም ቁልፍ ወይም የሲስተም ፈቃድ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

2. ሥራውን የሚሠሩትን አነጋግሩ

የክፍሉ ኃላፊ «ችግር የለም፣ እንችላለን» ሊል ይችላል። ምናልባት እውነቱን ነው። ቢሆንም ስልኩን የምታነሳውን፣ መዝገቡን የሚይዘውን፣ ቦታው ድረስ ሄዶ የሚያየውን ሰው ሳታነጋግሩ አትጻፉ። ጥያቄያችሁ ተጨባጭ ይሁን። «ይህ ውል ይጎዳችኋል?» ብትሉ የምታገኙት መልስ «አይ» ነው። «ዛሬ አንድ ጥቆማ ሲመጣ መጀመሪያ ማን ጋ ይደርሳል? ከዚያስ? የት ይጻፋል? ማን ይዘጋዋል?» ብትሉ ግን ሥራው ከእነ ጓዙ ይወጣል።

ፋይናንስ፣ አይቲ፣ ንብረት ክፍልና የሰው ሀብት አስተዳደርን ማካተትም አይዘንጋ። ውሉን ያመጣው ሌላ ክፍል ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚሰሙት መጨረሻ ላይ ነው። አዲስ ሶፍትዌር የሚገዛበት ውል ከሆነ ደግሞ አይቲ ከሁሉ በፊት ይጠየቅ። የድሮው ዳታ ወደ አዲሱ ሲስተም የሚገባው በማን እጅ ነው? ሠራተኛውስ ሥልጠና ላይ ሲሆን የአገልግሎት መስኮቱን ማን ይይዛል?

3. ሥራውን በሰዓት ቁጠሩት

«መጠነኛ የሥራ ጫና ይፈጥራል» የሚለው ለውሳኔ ሰጪው ምንም አይነግረውም። ሰዓት ግን ይነግረዋል። አንድ ምሳሌ በዝርዝር እንየው።

አስተዳደሩ የመንገድ መብራት ጥገናን ለተቋራጭ ሊሰጥ ነው እንበል። አምፖል የሚቀይረው፣ መሰላል የሚወጣው ከእንግዲህ ተቋራጩ ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ሥራው ከትከሻ የወረደ ይመስላል። ግን ነዋሪው መብራት ሲጠፋበት የሚደውለው አሁንም ለአስተዳደሩ ነው። በወር 120 ጥቆማ ይመጣል ብለን እንያዝ። እያንዳንዱን ለመመዝገብ፣ ለተቋራጩ ለማስተላለፍና መሠራቱን አይቶ ለመዝጋት 10 ደቂቃ ቢፈጅ፣ በወር 20 ሰዓት ነው። ተሠራ ከተባለው ከ10 አንዱን ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። ያ 12 ጉብኝት ነው። አንዱ 45 ደቂቃ ቢወስድ 9 ሰዓት ይሆናል። የወሩን የክፍያ ጥያቄ ከሥራ ዝርዝሩ ጋር ማመሳከር ደግሞ 6 ሰዓት ይፈጃል። ሲደመር በወር 35፣ በዓመት 420 ሰዓት ይሆናል።

ይህን ወደ ሰው ቀይሩት። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሠራተኛ በ52 ሳምንት 2,080 ሰዓት አለው። 420 ሰዓት የዚህ አንድ አምስተኛ ነው። የዓመት ፈቃድ፣ በዓል፣ ሕመምና ሥልጠና ሲቀነስ ደግሞ በእጅ የሚቀረው ከዚህ ያነሰ ነው። 1,750 ሰዓት ከቀረ፣ ሥራው ወደ አንድ አራተኛ ሰው ይጠጋል። አሁን ምክር ቤቱ መጠየቅ ይችላል፦ ይህ አንድ አራተኛ ሰው ከየት ይመጣል?

ቁጥሩ ግምት ነው። ግምት መሆኑን፣ ከምን እንደተነሳም ጻፉ። ያለፈው ዓመት የጥቆማ መዝገብ ካለ ከእሱ ተነሱ። ከሌለ ደግሞ አንድ ሁለት ሳምንት መቁጠር ከባዶ ግምት በጣም ይሻላል።

4. የሚተወውንም ሥራ ጻፉ

በዚያው ምሳሌ፣ መብራት ሲጠግኑ የነበሩት የአስተዳደሩ ሠራተኞች አሉ። ብዙ ማብራሪያ ላይ «የሰው ኃይል ነፃ ያደርጋል» ተብሎ ይቆማል። ነፃ ሆነው ምን ሊሠሩ? ወደ ሕንፃ ጥገና ይዛወራሉ? የሥራ መደባቸው ይታጠፋል? ጥገናውን ሲጨርሱ መንገድ ላይ ያዩትን የተሰበረ የጉድጓድ ክዳን ወይም የወደቀ ምልክት ያስታውቁ ነበር፤ ያንንስ ከእንግዲህ ማን ያያል? ውሳኔ ገና ካልተወሰነ «አልተወሰነም፤ እስከዚህ ቀን ድረስ ይወሰናል» ብላችሁ በግልጽ ጻፉት። ሠራተኞቹም ሰዎች ናቸው። ስለራሳቸው ሥራ መጀመሪያ የሚሰሙት ከስብሰባ ቃለ ጉባኤ መሆን የለበትም።

5. መጀመሪያውን፣ መሃሉንና መጨረሻውን ለዩ

በርክክብ ወቅት የሚኖረው ጫና አንድ ነገር ነው። በየወሩ የሚቀጥለው ሌላ ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ ውሳኔ ሰጪው ይሳሳታል። ለሁለት ወር ብቻ የሚያስፈልግ ትርፍ ሰዓት ለዘላለም ይመስለዋል፤ ወይም በተቃራኒው።

መጨረሻውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ውሉ ሲያልቅ ዳታው በምን መልክ ይመለሳል? መሣሪያው የማን ይሆናል? ላለማደስ ከስንት ቀን በፊት ማሳወቅ ያስፈልጋል? በራሱ የሚታደስ ውል ከሆነ ያ ቀን በአንድ ሰው ካላንደር ላይ መግባት አለበት። አዲስ ጨረታ አውጥቶ እስከ ፊርማ ማድረስ ወራት ስለሚፈጅ፣ ዝግጅቱ መቼ እንደሚጀመርም አስቡበት።

በዕርዳታ ገንዘብ የሚገዛ ነገር ካለ ይህ ነጥብ ይበልጥ ይከብዳል። ዕርዳታው ተሽከርካሪውን ይገዛል። ሹፌሩን፣ ነዳጁን፣ መለዋወጫውን ከዓመታት በኋላም የሚሸፍነው ግን አስተዳደሩ ነው። ለጋሹ የሚፈልገውን ሪፖርት የሚያዘጋጀውም ሰው ይቆጠር። ሁለት አጎራባች አስተዳደሮች በእሳት አደጋ ለመረዳዳት ሲስማሙ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው፦ መኪናችንና ቡድናችን ወደ እነሱ ሲሄዱ የእኛን ክልል ማን ይጠብቃል? ስንት መኪናና ሰው ሲቀረን ነው «አሁን አንችልም» የምንለው?

6. አሁን ጻፉት

ሁለት አንቀጽ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ደካማው እንዲህ ይመስላል፦

«ውሉ የመንገድ መብራት አገልግሎትን ውጤታማ በሆነ መልኩ ለማሻሻል የሚያስችል ሲሆን አሁን ባለው የሰው ኃይል የሚሸፈን ይሆናል።»

የተሻለው ደግሞ እንዲህ፦

«ጥገናውን ተቋራጩ ይሠራል። ጥቆማ መቀበል፣ የተሠራውን በናሙና ማየትና ክፍያ ማመሳከር ግን በመሠረተ ልማት ክፍል ይቀራል። ይህ በወር 35 ሰዓት ገደማ እንደሚፈጅ ተገምቷል፤ ግምቱ የተነሳው ካለፈው ዓመት የጥቆማ ብዛት ነው። ሥራው ለአንድ የክፍሉ ተቆጣጣሪ ተሰጥቷል። በዚህ ምክንያት የእግረኛ መንገድ ምልከታ በየወሩ መሆኑ ቀርቶ በየሁለት ወሩ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት የመብራት ምሰሶዎችን ዝርዝር ለማስረከብ ተጨማሪ የሰው እገዛ ያስፈልጋል።»

ሁለተኛው ውስጥ የምወደው የእግረኛ መንገዱ ዓረፍተ ነገር ነው። «አሁን ባለው የሰው ኃይል ይሸፈናል» የሚለው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግን ያ የሰው ኃይል እስካሁን ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። የሆነ ነገር ይዘገያል ወይም ይቀንሳል። የትኛው እንደሆነ ሲጻፍ ምክር ቤቱ እያወቀ ይወስናል፤ ሠራተኛውም በኋላ ለምን ዘገየህ ተብሎ አይወቀስም።

በእርግጥ ተፅዕኖ የሌለው ውልም አለ። ያው አቅራቢ፣ ያው መጠን፣ ያው አሠራር ሆኖ ጊዜው ብቻ ሲራዘም «ለውጥ የለም» ማለት ተገቢ ነው። ምክንያቱን ግን ጨምሩ፦ «የአገልግሎቱ መጠንና የክትትሉ አሠራር ስላልተቀየረ» የሚል ሐረግ ይበቃል።

7. ረቂቁን መልሳችሁ አሳዩ

ከመላኩ በፊት ስሙ ወይም ክፍሉ የተጠቀሰ ሁሉ ያንብበው። «ይህ ትክክል ነው? ሰዓቱ ይበቃሃል?» በሉት። «እኔ ይህን ሥራ አልተቀበልኩም» የሚል ካለ፣ ይህ የሚሰማው ከፊርማ በፊት ቢሆን ይሻላል። ውሉ ከጸደቀ በኋላ ደግሞ ይህን አንቀጽ ውሉን ለሚከታተለው ሰው ስጡት። ከ6 ወር በኋላ የተገመተውን 35 ሰዓት ከትክክለኛው ጋር ያስተያይ። ልዩነቱን ከውሉ ጋር በአንድ ፋይል ያስቀምጥ፤ ውሉ ሲታደስ ማብራሪያውን የሚጽፈው ሰው ከዚያ ቁጥር ይነሳል።