አሮጌዋን የናፍጣ መኪና በቤንዚን ልቀይር? እንዴት እንደሚወሰን

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ሶስት ላሞች አሉኝ። ለ11 ዓመት የነዳኋትን የናፍጣ ሃይሉክስ ሸጬ የቤንዚን ኮሮላ የገዛሁት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ተቻኩዬ ነበር። እናንተ ቢያንስ አንድ ወር ውሰዱ።

1. መኪናዋ ታማ እንደሆነ አረጋግጡ

ዋናው ስራ ይሄ ነው። "ናፍጣ ሰለቸኝ" የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሰለቸው ያልታከመ ብልሽት ነው። ህዳር ላይ የኛ ሰፈር ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ይንገጫገጫል፣ ነጭ ጭስ ግቢውን ይሞላል፣ አልነሳም ይላል። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ኮፈኑን ከፍተው አምስት ደቂቃ አዩና "ሞተሩ አልቋል፣ መውረድ አለበት" አሉኝ። ምንም ሳይለኩ ነው ያሉኝ፣ እኔም ሳልጠይቅ አመንኩ። በወረደ ዋጋ ሸጥኳት። የገዛኝ ሰው ማሞቂያ ካንዴላዎቹንና አየር የሚያስገባ አንድ የተሰነጠቀ የናፍጣ ቱቦ ቀየረ። ሌላ የነካው ነገር የለም። ዛሬም በየጠዋቱ በደጄ ታልፋለች።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን በብልጭታ አይነሳም። አየሩ በኃይል ሲታመቅ ይግላል፣ ናፍጣው እዛ ላይ ሲረጭ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ብርድ ላይ ማሞቂያው ካልሰራ ጤነኛ ሞተርም ያስቸግራል። ቀን ላይ ሞቃ እያለች በአንድ ቁልፍ የምትነሳ፣ ጠዋት ብቻ የምታምፅ ከሆነች መጀመሪያ ማሞቂያውን አስፈትሹ። ሙሉ ሞተር ከማውረድ ጋር ወጪው አይወዳደርም።

ቀጥሎ የሞተር ዘይት መሙያውን ክዳን ፍቱ። ሞተሩ ሞቆ መኪናዋ እንደቆመች እየሰራ፣ ክዳኑን ቀዳዳው ላይ ሳታጠብቁ ጣል አድርጉት። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ችግር የለውም። ከተፈናጠረ፣ ወይም ጭሱ እንደ ጀበና አፍ ቡልቅ ቡልቅ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ሳይበላ አይቀርም። ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ደግሞ ዘይት እያቃጠለች ነው።

የመጨረሻው ማረጋገጫ ኮምፕረሽን፣ ማለትም በየሲሊንደሩ አየሩ የሚታመቅበትን ግፊት፣ ማስለካት ነው። የቤንዚን መለኪያ የናፍጣን ግፊት ስለማይችል ለናፍጣ የተሰራ መለኪያ ያለው ጋራዥ ፈልጉ። እኛ ያለንበት ከፍታ ላይ ቁጥሩ ከመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ዝቅ ብሎ ቢነበብ አትደንግጡ። ሲሊንደሮቹ ተቀራራቢ መሆናቸውን እዩ። አንዱ ከሌሎቹ ርቆ ከወረደ ሞተሩ እውነትም ስራ ይፈልጋል። ያኔ የጥገናውን ዋጋ በጽሁፍ ተቀበሉ።

2. የዳገቱን ድካም ለናፍጣ ብቻ አትስጡ

ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ስትወጡ መኪናዋ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ትደክማለች። ሱሉልታ ከባህር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ላይ ካለው ሩብ ያህል ይቀንሳል። ፓምፑ የሚሰጠው ናፍጣ ካልተቀነሰ የሚያቃጥለው አየር አይበቃውም፣ ያልተቃጠለው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። የአየር ፊልትሮ ቀይሩ፣ ፓምፕና ኖዝል (ናፍጣ መርጫ) የሚያውቅ ባለሙያ ያስተካክለው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተርም እዚሁ ዳገት ላይ ጉልበቱን ያጣል። እኔ ኮሮላዋ የምትበር መስሎኝ ነበር።

ጭሱን ግን ችላ አትበሉት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 እ.ኤ.አ. የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ልጆች በሚተኙበት መስኮት ስር ሞተር አታሙቁ። ተጠግኖም ጭሱ ካልቀነሰ፣ ለኔ ይሄ ብቻውን ለመቀየር በቂ ምክንያት ነው።

3. በሊትር ስንት እንደምትሄድ ለኩ

ጌጁን አትመኑ። ታንኩን ሙሉ አስሞሉ፣ ኪሎሜትሩን ጻፉ፣ 300 እና ከዚያ በላይ ንዱ፣ እዛው ማደያ ተመልሳችሁ ሙሉ አስሞሉ። 336 ኪሎሜትር ሄዳ 42 ሊትር ከወሰደች በሊትር 8 ማለት ነው። የዕለቱን የሊትር ዋጋ ለ8 አካፍሉ፣ የአንድ ኪሎሜትር ወጪ ይወጣላችኋል። የነዳጅ ዋጋ በተከለሰ ቁጥር ስሌቱን እንደገና ስሩት።

የምትገዟትንም እንዲሁ፣ ግን እኩያዋን አወዳድሩ። የድሮ ፒክአፕን ከቪትዝ ጋር አስተያይቶ "ቤንዚን ይቆጥባል" ማለት ስህተት ነው። የቆጠበው የመኪናዋ ትንሽነት ነው። ክብደታቸው ተቀራራቢ ከሆነ በሊትር ብዙ የሚሄደው ናፍጣው ነው።

4. የምትጭኑትን ቁጠሩ

የአንድ ወር ጭነት ደብተር ላይ ጻፉ። እኔ ይህን ዘልዬ ነው የተጎዳሁት። ኮሮላዋ ላይ አራት ጆንያ ፉርሽካ ስጭን ኋላዋ መሬት ሊነካ ደረሰ። ድርቆሽ አሁን በኪራይ አይሱዙ ነው የማስመጣው። ቤንዚን ገዝቼ "አተረፍኩ" ያልኩትን የኪራዩ ሂሳብ ይበላዋል። ጭነት ከሌላችሁ፣ ቤተሰብ ብቻ የምታመላልሱና አጭር መንገድ የምትነዱ ከሆነ ግን ቤንዚን ይሻላችኋል። ድምፁም ጠዋት መነሳቱም ያሳርፋል።

5. የምትገዙትን መርምሩ

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሰሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ የምታገኙት የቤንዚን መኪና አብዛኛው ያገለገለ ነው። የራሳችሁን መኪና ህመም ታውቃላችሁ፣ የሰውዬውን አታውቁም። ደላላው ቢቻኩልም ጠዋት በብርድ ሞተሩ ሳይሞቅ ሄዳችሁ አስነሷት። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ፣ እገዳ እንደሌለባት አጣሩ፣ ውሉን በውልና ማስረጃ ፈጽሙ። ቦሎና ኢንሹራንስ የታወቀ ነው።

6. ከቀየራችሁ፣ ማደያ ላይ

የለመዳችሁ ቀጂ እጁ ወደ ናፍጣው ነው የሚሄደው። ከመኪና ውረዱ፣ "ቤንዚን" በሉ፣ ማሽኑን በዓይናችሁ እዩ። ቤተሰብ ውስጥ ለሚነዳ ሁሉ ንገሩ፣ ክዳኑ ላይም ጻፉበት። በስህተት ናፍጣ ከተቀዳ ቁልፉን አትንኩት። ከማሽኑ ዞር አድርጋችሁ ግፏት፣ መካኒክ ጥሩ፣ ታንኩ እዛው ይራገፍ።